የአማትዎ መሬት፣ የእርስዎ ቤት

«እኅቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ስዊድን አገር አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ዜግነቴም የዚያው ሆነ፤ አሁን በ58 ዓመቴ ኑሮዬ ታይላንድ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ያገባኋት ባለቤቴ ኢሳን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቁ ክፍል ናት። ከኮን ኬን ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በሆነ መንደር ከእናቷ ጋር እንኖራለን። አማቴ ከሩዝ ማሳቸው ጥግ አንድ ሬይ መሬት ለይተው ‹ቤታችሁን እዚህ ላይ ሥሩ› ብለውናል። ያለኝ ጥሪት ሁለት ሚሊዮን ተኩል ባት ያህል ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ወጥቼ ከፈረንጆች ጋር ቡና እጠጣለሁ፤ ሁለት እንግሊዞች፣ አንድ ጀርመን፣ አንድ አውስትራሊያዊ። ሁሉም የታይ ሚስት አላቸው ወይም ነበራቸው። ‹ጥለኸው ልትሄድ የማትችለውን ገንዘብ እዚህ አገር አትቅበር› ይሉኛል። አንደኛው ቤቱን ሠርቶ በጨረሰ በሁለተኛው ዓመት ሻንጣውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። ፖለቲካም ያነሳሉ። ‹ገበሬው ድምፁን በ500 ባት ይሸጣል፣ ከተሜው መፈንቅለ መንግሥት ይጠራል› እያሉ ይሳለቃሉ። ይህ ወሬ ጆሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ኖሮ፣ አንድ ቀን እራት ላይ የባለቤቴን ታላቅ ወንድም ‹ገንዘብ ስለሚሰጧችሁ አይደል የምትመርጧቸው?› አልኩት። ሳቀ። አማቴ ሳህኖቹን ሰብስበው ተነሡ። ባለቤቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ቤቱን ልሥራ ወይስ ልተወው? ደግሞስ በምኖርበት አገር ጉዳይ አፌን ዘግቼ የምኖረው እስከ መቼ ነው?

ጥቁሩ ፈረንጅ»

ጋሼ፣

የብዕር ስምዎ አሳቀኝ። ታዮች ነጩን ሰው «ፋራንግ» ይሉታል፤ ከኛ «ፈረንጅ» ጋር ምንጩ አንድ ነው። ዘይቱንንም በዚያው ስም ነው የሚጠሩት፤ ገበያ መሃል «ፋራንግ ኪሎው ስንት ነው?» ሲባል መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ዞር ብዬ ሰው ፈልጌያለሁ። እኔን ግን ባንኮክ በኖርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት ፋራንግ ያለኝ አልነበረም። ብዙ ጊዜ የሚሉኝ «ኬክ» ነበር። ለህንዱም ለዓረቡም ለማላዩም የሚሉት ቃል ነው፤ የጥንት ፍቺው «እንግዳ» ማለት ነው። እርስዎንም ከኋላዎ እንደዚያ ሳይሉዎት አይቀሩም፤ አይቀየሙበት።

ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፤ አንዱ ስለ ቤት፣ አንዱ ስለ አፍ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ሳነበው ግን የሁለቱም መልስ እራት ላይ የሳቀው ሰውዬ እጅ ሆኖ አገኘሁት። እዚያ እስክደርስ ይታገሡኝ።

የቡና ጓደኞችዎ ፍርሃት በሕጉ በኩል መሠረት አለው። በታይላንድ የመሬት ሕግ የውጭ ዜጋ መሬት በስሙ አይገዛም። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ ሰነዱ ላይ 2497 ተብሎ ቢያዩት አይደንግጡ፣ የነሱ ዘመን ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። እርስዎ እንግዲህ በሦስት ዘመን ነው የሚኖሩት፤ ውል ሲፈርሙ ዓመቱን ደግመው ይቁጠሩ። 40 ሚሊዮን ባት ኢንቨስት ላደረገና የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ለፈቀደለት ሰው እስከ አንድ ሬይ፣ ማለትም እስከ 1,600 ካሬ ሜትር፣ ለመኖሪያ እንዲይዝ የሚፈቅድ ቀዳዳ አለ፤ እርስዎን አይመለከትም። ኮንዶሚኒየም በስምዎ መግዛት ይችላሉ፤ እሱም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የውጭ ዜጎች ድርሻ ከጠቅላላው የክፍሎች ስፋት 49 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ነው። በታይ ሰዎች ስም የይስሙላ ኩባንያ አቁሞ መሬት መያዝ የሚባለውን መላ ከጀርመኑም ይስሙት ከእንግሊዙ፣ አይንኩት። ወንጀል ነው።

በዚህ ላይ የፈረንጆቹ ብስጭት ይገባኛል፤ የእርስዎን ብስጭት ግን አልቀበለውም። እርስዎ የደሴ ልጅ ነዎት። ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ አገራችን ውስጥ ቤት ያለው ሰው እንጂ መሬት ያለው ሰው የለም። ሕገ መንግሥቱም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፤ ከተማ ውስጥ ሊዝ ይዘን ቤቱን «የኔ» እያልን እንኖራለን። መሬቱ የሌላ፣ ቤቱ የራስ መሆን ለእንግሊዙ እንቆቅልሽ ነው፤ ለኛ ያደግንበት ነው። ደግሞ ያስታውሱ፣ በሰኔ 2017 የኛ ፓርላማ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲገዛ የሚፈቅደውን አዋጅ ሲያጸድቅ ስንቱ ዘመድዎ ስልክ ደውሎ «አገሪቱ ተሸጠች» አለዎት? ታይላንድም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የዚያን ጊዜው መንግሥት ያንኑ የ40 ሚሊዮን ባት መንገድ ሀብታም የውጭ ዜጎችን ለመሳብ ሊያመቻቸው ካቢኔው በመርህ ደረጃ ተቀብሎት ነበር። ሕዝቡ «ካይ ቻት» ብሎ ተነሣ፤ አገር መሸጥ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ መንግሥት ሐሳቡን ሰረዘው። እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጁ ናቸው) የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የታክሲን ቤተሰብ ሺን ኮርፕ የተባለውን ኩባንያ ድርሻውን ለሲንጋፖሩ ቴማሴክ በ73 ቢሊዮን ባት ሲሸጥም የተጮኸው ያው ቃል ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም ታንክ መንገድ ላይ ወጣ።

መሬት እዚያ አገር እንዲህ የሚያስጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሲያም ቅኝ ያልተገዛች አገር ናት፤ በዚህ እንደኛው ይኮራሉ። ግን በ1855 ከእንግሊዝ ጋር የፈረመችው የቦውሪንግ ውል የእንግሊዝ ተገዢዎች በታይ ዳኛ ፊት እንዳይቆሙ አድርጓል፤ ሌሎቹም ኃያላን ተከትለው ያንኑ አስፈረሙ። ይህ ሙሉ በሙሉ የተነሣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። እኛም በ1908 ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመውን የክሎቡኮውስኪ ውል እናውቀዋለን፤ ፈረንጅ አጥፍቶ በቆንስሉ ፊት ሲዳኝ ያዩ አያቶች ነበሩን። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ቤት ውስጥ ጮክ ተብሎ «ሃያ ዓመት ኖሬ አንድ ካሬ መሬት ከለከሉኝ» ሲባል፣ ቡናውን የምትቀዳው ልጅ የምትሰማው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል።

የቡና ጓደኞችዎ የሚሳሳቱት ሕጉ ላይ ሳይሆን ሰው ላይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የተጎዳው ነው። ቤቱን ሠርቶ፣ ማንጎ ተክሎ፣ ከአማቱ ጋር ቴሌቪዥን የሚያየው ፈረንጅ ቅዳሜ ጠዋት ከተማ ምን ያመጣዋል? ቤቱ ነዋ። በሻንጣ የወጣውን ሰውዬ ግን አልንቀውም፤ እንደሱ ያሉ ብዙ አሉ። አብዛኞቹ የወደቁት ደግሞ አንድ ዓይነት ስሕተት ሠርተው ነው፤ ገንዘቡን መጀመሪያ አፈሰሱ፣ ወረቀቱን በኋላ ጠየቁ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የምንለው ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ።

አማትዎ ቤት ያለውን የመሬት ሰነድ ባለቤትዎ ታምጣልዎ። አናቱ ላይ ጋሩዳ የተባለው ግማሽ ሰው ግማሽ ወፍ ማኅተም አለ፤ ቀለሙን ይዩ። ቀይ ከሆነ «ቻኖት» ነው፣ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ድንበሩ በትክክል የተለካ። አረንጓዴ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ይሠራል፣ ይሸጣል ይለወጣል። ሰማያዊ ከሆነ ግን እዚያው ላይ ይቁሙ። «ሶ ፖ ኮ» ይባላል፤ መንግሥት ለድሃ ገበሬ እንዲያርስበት የሰጠው የመሬት ይዞታ ነው፣ ለልጅ ይወረሳል እንጂ አይሸጥም፤ እርስዎም ምንም ዓይነት መብት አስመዝግበው አይይዙበትም። ኢሳን ውስጥ ይህ ዓይነት መሬት በብዛት አለ። የዚህ ወረቀት ጉዳይ ቀልድ እንዳይመስልዎት፣ ፑኬት ላይ ለድሃ ገበሬ የታሰበው ሶ ፖ ኮ ለባለ ሀብቶች ተሰጠ ተብሎ በ1995 የጠቅላይ ሚኒስትር ቹዋን ሊክፓይን መንግሥት የጣለው እሱ ነው።

ቀጥለው ሰነዱን ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ፣ ወይም ያስነብቡ። በዕዳ ከተያዘ የሚጻፈው እዚያ ነው። «ወረቀቱ ቤት የለም» ካሉዎት ምናልባት ባንክ ነው ያለው። ኢሳን ውስጥ መሬቱን ለእርሻ ብድር ያላስያዘ ገበሬ ብርቅ ነው፤ አያሳፍርም፣ ግን ማወቅ አለብዎት።

ቀይ ሆኖ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር ልንገርዎት። ጓደኞችዎ ቢመክሩዎት «መሬቱ በሚስትህ ስም ይዛወር፣ ከዚያ እሷ ፈርማ መብት ትስጥህ» ይሉዎታል። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። በታይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ስለ ንብረት እርስ በርስ የተዋዋሉትን፣ ከሁለቱ አንዳቸው በትዳሩ ዘመን ወይም ትዳሩ ከፈረሰ በኋላ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ሊያፈርሱት ይችላሉ። ማለትም ሚስትዎ በፍቅር ቀን የፈረመችልዎትን በጠብ ቀን ልትሰርዘው ትችላለች። አማትዎ ግን ሚስትዎ አይደሉም። መሬቱ ገና በእሳቸው ስም እያለ እሳቸው ራሳቸው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ፊት መብትዎን ያስመዝግቡልዎት፤ ለባለቤትዎ የሚያዛውሩት ከዚያ በኋላ ይሁን። መብቱ ከመሬቱ ጋር ይሄዳል፣ መሬቱ ቢሸጥም እንኳ።

የሚመዘገበው መብት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ «የአላባ መብት» የሚለው ነው። ታዮቹ «ሲቲ ኬፕ ኪን» ይሉታል፤ ቃል በቃል «ሰብስቦ የመብላት መብት»፣ እንዴት ያለ ስም ነው! ዕድሜ ልክዎን በመሬቱ ተጠቅመው ይኖሩበታል፣ ሲሞቱ ያበቃል። ሁለተኛው «ሲቲ ኑዌ ፑን ዲን» ይባላል፤ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ በላዩ ያቆሙት ቤት የእርስዎ የሚሆንበት መብት ነው። እስከ 30 ዓመት ወይም እስከ ዕድሜ ልክ ይሰጣል። ይህ ካልተመዘገበ በሰው መሬት ላይ የቆመ ቤት የመሬቱ አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ለእርስዎ ሁለተኛው ይበልጣል። ተራው የኪራይ ውልም አለ፣ ጣሪያው 30 ዓመት ነው፣ ከሦስት ዓመት የሚበልጠው ካልተመዘገበ ከሦስት ዓመት በላይ አይጸናም። «30 ሲደመር 30 ሲደመር 30» ብሎ የሚሸጥልዎት ደላላ ካለ፣ ከመጀመሪያው 30 በኋላ ያለው ተስፋ ነው። የግንባታ ፈቃዱንም ከቀበሌው አስተዳደር፣ «ኦ ቦ ቶ» ከሚሉት፣ በእርስዎ ስም ያውጡ። ከስዊድን ያስገቡት ገንዘብ የባንክ ወረቀት፣ የሲሚንቶና የብረት ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ከትዳር በፊት ያፈሩት ገንዘብ በታይ ሕግም የግልዎ ነው፣ ግን ማሳየት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ይህን ሁሉ የክፍለ ሀገሩን መሬት ጽሕፈት ቤት ልማድ የሚያውቅ ጠበቃ አንብቦ ይጨርስልዎት፤ ከአንዱ ቢሮ አንዱ ይለያል።

አሁን ያንን የሳቀውን ሰው ላምጣው።

አማትዎ ፈርመው መብት ሲሰጡዎት ከውርሱ ላይ እየቆረሱ ነው። እሳቸው ነገ ቢሞቱ መሬቱ ለልጆቻቸው ሁሉ ነው፣ ለሚስትዎም ለወንድሟም። ወንድሟ «ለምን?» ቢል ጉዳዩ ያበቃል። ከተፈራረሙ በኋላም ቢሆን በዚያች መንደር ውኃ ሲጠፋ፣ ድንበር ሲገፋ፣ የመንደሩ ሹም ጋ ሲኬድ የሚቆምልዎት ወይም የማይቆምልዎት እሱ ነው። ያ ሰው ነው እንግዲህ በእናቱ ገበታ ላይ «ተገዝተህ ነው» የተባለው። የእኛ ሰው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይላል። እርስዎ ገና አጥሩ ሳይሠራ ነቀነቁት!

ያንን ሳቅም አይመኑት። ታይ ሰው ሲያፍር ይስቃል፣ ሲናደድም ይስቃል። «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ፈረንጆቹ ለመተርጎም ገጽ ሙሉ ይጽፋሉ፣ እኛ ጋ «ይሉኝታ» ነው፣ አለቀ። ሰውየው በእናቱ ቤት እንግዳ ላለማሳፈር ዋጠው። እርስዎ ወሎ ላይ በአማትዎ ሞሰብ ዙሪያ ተቀምጠው ይህን ቢናገሩ ምን ይባሉ ነበር?

ደግሞስ ምን እንዳሉት ያውቃሉ? ሰውየው በእርስዎ ዕድሜ አካባቢ ከሆነ፣ በ2001 ታክሲንን መርጧል ብዬ ብገምት አልሳሳትም። ያን ጊዜ «30 ባት» የተባለው ሕክምና መጣ፤ ገበሬ አብዛኛውን በሽታ በ30 ባት ታከመ። ከዚያ በፊት በኢሳን አንድ ሰው ሆስፒታል ገባ ማለት ጎሽ ተሸጠ፣ መሬት ተያዘ ማለት ነበር። ለየመንደሩም አንድ አንድ ሚሊዮን ባት ተዘዋዋሪ ብድር ተሰጠ። 500 ባቱ በምርጫ ሰሞን ይዞራል፣ አልክድም። ከሁሉም ወገን ተቀብሎ ልቡ የፈቀደውን የሚመርጥ ገበሬ ግን ሞልቷል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ይቁጠሩለት፤ በ2006 መፈንቅለ መንግሥት፣ በ2007 የታክሲን ፓርቲ በፍርድ ቤት ፈረሰ፣ በ2008 የተተካው ፈረሰ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳማክ በቴሌቪዥን ምግብ አበሳሰል ፕሮግራም ክፍያ ተቀብለሃል ተብሎ በፍርድ ቤት ወረደ፤ በወጥ ምክንያት ከሥልጣን የወረደ ሌላ ሰው አላውቅም። በ2010 ባንኮክ ውስጥ ቀይ ለባሾቹ፣ የታክሲን ደጋፊዎች፣ ሲበተኑ ከ90 በላይ ሰው ሞተ። በ2014 ደግሞ መፈንቅለ መንግሥት። በ2023 ምርጫ 151 ወንበር አግኝቶ አንደኛ የወጣው ሙቭ ፎርዋርድ የተባለ ፓርቲ መንግሥት ሳይመሠርት ቀርቶ በነሐሴ 2024 ፈረሰ፣ በሳምንቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ስሬታ ከሥልጣን ተነሣ፤ በዓመቱ ደግሞ ፔቶንግታርን የተባለችው የታክሲን ልጅ ከጠቅላይ ሚኒስትርነት ወረደች። ሃያ አራት ዓመት መርጦ፣ የመረጠው ሁሉ ሲሰረዝ ያየ ሰው ነው። ሸጥክ ይባላል? ቢጫ ለባሾቹም፣ የባንኮኮቹ የታክሲን ተቃዋሚዎች፣ የራሳቸው ምሬትና የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሙስናውን እነሱም በዓይናቸው አይተዋል። የጓደኞችዎ ቀልድ ግን ሁለቱንም ወገን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ነው፣ ስለዚህ አላመንኩትም።

ስለ ፖለቲካ አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ንጉሡንና ቤተሰባቸውን የሚነካ አንዲት ቃል፣ በቀልድም ቢሆን፣ በፌስቡክም ቢሆን፣ የሌላውን ጽሑፍ ማጋራትም ቢሆን፣ እንዳይሞክሩ። የወንጀለኛ መቅጫው አንቀጽ 112 በአንድ ክስ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል፣ ለውጭ ዜጋ ምሕረት የለውም። በ2007 አንድ የስዊዘርላንድ ሰው የንጉሡን ምስሎች በቀለም በማጥፋቱ አሥር ዓመት ተፈርዶበት በይቅርታ ነው የወጣው። በሚያዝያ 2025 ፊሳኑሎክ የሚያስተምር አሜሪካዊ ምሁር በዚሁ አንቀጽ ታሰረ፤ ክሱ ቀረ፣ ቪዛው ግን ተሰርዞ አገሩን ለቆ ወጣ። እርስዎ በሚስት ቪዛ ነው የሚኖሩት፣ ያ ሰውዬ ለዓመታት ኖሮ ነበር።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። «ጥለኸው ልትሄድ የማትችለውን አትቅበር» ያሉዎትን ምክር እቀበለዋለሁ፣ ለባለቤትዎ ግን እንዳይደግሙላት። በኢሳን ወንዱ ነው ወደ ሴቷ ቤት የሚገባው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጆቿ ጋር የምትቀረው ትንሿ ልጅ ናት፤ ለእናት ቤት መሥራት የ«ቡን ኩን»፣ የውለታ፣ ክፍያ ነው። እርስዎ ስለ ሲሚንቶ ሲያወሩ እሷ ለእናቷ ስለሰጠችው ቃል እያወራች ነው። «ብለያይ ስንት እከስራለሁ?» የሚለውን ሒሳብ ሌሊት ብቻዎን ይሥሩት። ከሁለት ሚሊዮን ተኩሉ ለቪዛው ባንክ የሚቀመጠውን 400,000 ባት ይቀንሱ። ያ የ30 ባት ሕክምና ለእርስዎ አይደለም፣ ስለዚህ ለጤና የሚሆን በርከት ያለ ገንዘብ ይለዩ፤ በ58 ዓመት ይህ ቀልድ የለውም። በቀረው ላይ ነው ቤት የሚታሰበው። አንድ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ፣ ሰፊ በረንዳ ይበቃዎታል። ኢሳን ውስጥ ኑሮ በረንዳ ላይ ነው።

ማሳው የሩዝ ነው ብለዋል። ሩዝ ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው የሚወደው፣ ስለዚህ በአፈር ይሞላል፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ክረምት ዝናቡ እስኪጠቀጥቀው ይጠበቃል። ይህን የማይጠብቅ ሰው ይጸጸታል። እኛ ተከራይተን የኖርንበት ቤት ኩሽናው በኋላ የተቀጠለ ነበር፣ ከሥሩ ምሰሶ ሳይቀበርለት። በሁለተኛው ክረምት ኩሽናው ብቻውን ወደ ታች ወረደ፣ ከዋናው ግድግዳ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተከፈተ፣ በዚያ በኩል «ቶኬ» የሚባለው ክንድ የሚያክል እንሽላሊት ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ስሙን ሲጠራ ያድር ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ያንን ድምፅ ያስመስላል። የ2011ዱ ጎርፍ የት ድረስ እንደመጣ አማትዎን ይጠይቁ፣ ከዚያ በላይ ያስሞሉ።

ለኮንትራክተሩ በየደረጃው ይክፈሉ፤ ምሰሶ ቆሞ፣ ጣሪያ ተከድኖ፣ ግድግዳ ተለስኖ። ከሠራው በላይ እንዳይቀድሙት። ሠራተኞቹ ሩዝ ሲተከልና ሲታጨድ፣ በሶንግክራንም ሰሞን በሚያዝያ፣ እንደሚጠፉ አስቀድመው ይወቁ። አይሸሹም፣ ማሳቸው ላይ ናቸው። ቅዳሜ ቡናውንም አይተዉ፤ ለእንግሊዞቹ የሚጠየቅ ጥሩ ጥያቄ «ጣሪያችሁን ማን ሠራላችሁ፣ ያፈሳል ወይ?» የሚለው ነው። በዚያ ላይ እውቀታቸው የሚናቅ አይደለም።

ታዲያ ልሥራ ወይ? ሰነዱ ቀይ ወይም የሚሠራ አረንጓዴ ከሆነና አማትዎ በልጆቻቸው ሁሉ ፊት ወደ መሬት ጽሕፈት ቤት ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ይሥሩ። አንዱ ከጎደለ በዚያው ገንዘብ ኮን ኬን ከተማ ውስጥ ደህና ቤት ለብዙ ዓመት ይከራያሉ፤ እናቷንም ቅዳሜና እሑድ ይጠይቃሉ። ሚስትዎ ትከፋለች፣ ይከፋፈሉት።

ግን ከመሬት ጽሕፈት ቤቱ በፊት ወንድምየው ጋ ይሂዱ። ሶንግክራን ሲመጣ ልጆች በታላላቆች እጅ ላይ ሽቶ ያለበት ውኃ እያፈሰሱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ለአማትዎ ያኔ ያደርጉታል። ለእሱ ግን ሚያዝያን አይጠብቁ። ንግግር አያዘጋጁ፣ ይቅርታ የሚለውን ቃል በታይ «ኮ ቶት» ብለው አንዴ ይበሉትና ይብቃ። ቀዝቃዛ ነገር ይዘው ማታ አጠገቡ ይቀመጡ፣ «በ2010 የት ነበርክ?» ብለው ይጠይቁት። ከዚያ ዝም ይበሉ። ቢነግርዎትም ባይነግርዎትም ስለ አገሩ የጠየቀው የቤቱ ሰው ነው እንጂ የቡና ቤቱ ሰው አይደለም።

አፌን እስከ መቼ ልዝጋ ላሉኝ፣ ማን ዝጋ አለዎት? የሩዝ ዋጋ፣ የመንደሩ መንገድ፣ የኦ ቦ ቶው ሊቀ መንበር ውኃውን ለምን እንደማያስገባ፣ እነዚህን ሁሉ ይጠይቁ፣ ይከራከሩም፤ የእርስዎም ውኃ ነው። ማንን መምረጥ እንዳለባቸው ግን፣ የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ነው የሚባለው። እርስዎ የሚመርጡት አገር ስዊድን ነው።

የመጀመሪያው ምሰሶ ሲቆም የሙዝ ችግኝና ሸንኮራ አገዳ ያስሩበታል፤ ቀኑን መነኩሴው ይቆርጡታል። ማሰሪያውን ማን ቢይዝ ጥሩ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ። ሰማያዊ ጋሩዳ ሆኖ ከተገኘ ግን ቶሎ ይጻፉልኝ፣ አፈር ከመሙላትዎ በፊት።